የሳጂዳ ደሪቶ

ሙሐመድሳኒ ካውያውን ከጨርቁ ላይ ሲያነሣ ወርቁ አብሮ ተነሣ።

ቁይ ከተማ ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት ልብስ ሰፍቷል። የሙሽራ ቀሚስ ሰፍቷል፤ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍቷል፤ ለሬሳ ከፈንም ጨርቅ ቆርጧል። በካውያ ጨርቅ ያበላሸው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደነበር አያስታውስም። አሁን ግን ወርቃማው ቅብ ከካውያው ሆድ ላይ ተጣብቆ ይጨሳል፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሱቁን ሞልቶታል። ጨርቁ ላይ የቀረው እንደ እከክ የተላጠ ጥቁር ነገር ብቻ ነው። ካውያውን ነቀለና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ጨርቁ የሚስቱ የሳጂዳ ነው። ሳጂዳ ከሞተች ስድስት ወር አልፏል።

በሕይወት ሳለች ከሱቁ ወለል ላይ ብጣሽ ጨርቅ ትለቅም ነበር። ሁሉንም አይደለም፤ ለሙሽራና ለበዓል ቀሚስ ከሚመጣው፣ የወርቅ ወይም የብር ቀለም ከታተመበት የተረፈውን ብቻ። መዳፍ በሚያህል አራት ማዕዘን ትቆርጠዋለች፣ አንዱን ከአንዱ ታጋጥማለች፣ ከሥሩ ባዘቶ ታነጥፍበትና በገበር ትዘጋዋለች። ሲያልቅ እንደ ብርድ ልብስ የሚሞቅ፣ እንደ መስኮት የሚያበራ ነገር ይሆናል።

ሙሐመድሳኒ ደሪቶ ይለው ነበር። ደሪቶ እንግዲህ ድኻ አሮጌ ጨርቅ እያጣጣፈ የሚለብሰው ነው። ከሥራው ቀና ሳይል «ዛሬም ደሪቶሽን ይዘሽ ተቀመጥሽ?» ይላታል። መጀመሪያ መጀመሪያ ትስቅ ነበር። በኋላ መሳቋን ተወች። መቼ እንደተወች ግን እሱ ልብ አላለም።

ልብሷን ለሰደቃ ሊሰጥ ሳጥኗን የከፈተ ዕለት ነው ከታች ያልተጨረሰውን ያገኘው። አምስቱ ረድፍ ተጋጥሞ አልቋል። ስድስተኛው ግማሹ ላይ ቆሟል። የተቀሩት ቁርጥራጮች በፌስታል ታስረዋል። አብረዋቸው አሥራ ሁለት የልብስ መቆንጠጫዎች አሉ። የልብስ መቆንጠጫ ከስፌት ጋር ምን እንዳገናኘው አልገባውምና ወደ ጎን አደረጋቸው። ልብሱን ለጎረቤት ሰጥቶ ይህን ብቻ አስቀረ።

ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ሰውን ከቤት አያስወጣም፤ ሥራም የለም። የእሱን ያህል መርፌ የያዘ ሰው ስድስት ቁራጭ ጨርቅ ማጋጠም ያቅተዋል ብሎ አላሰበም። የመጀመሪያው ስፌት ተንሻፈፈ፤ ጨርቁ ልሙጥ ስለሆነ ከስፌት መኪናው እግር ሥር ያመልጣል። ፈታውና ደግሞ ሰፋው። አሁንም አልተስተካከለም፤ እንደገና ፈታው። ሌላ ጨርቅ ቢሆን የመርፌ ቀዳዳ በጥፍር ሲታሽ ይጠፋል። ይሄኛው አልጠፋም። መርፌው ያለፈበት ሁሉ ወርቁ ላይ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ቁልጭ ብሎ ቀረ። ሙቀት ይዘጋው ይሆናል ብሎ ካውያውን አሞቀ።

የሆነው ይኸው ነው።

በማግሥቱ ኔትወርክ ሲመጣ ባሕር ዳር ለምታስተምረው ልጁ ለቢልቂስ ደወለ። የመጣበትን ለመናገር አፈረና ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቿ ጠየቃት። በመጨረሻ «እናትሽ ያንን ወርቃማ ነገር እንዴት ነበር የምትሰፋው?» አላት።

ቢልቂስ «አላውቅም አባ። እሷም አላስተማረችኝም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም» አለችው። «እማሆይን ለምን አትጠይቃቸውም? አብረው አልነበር እንዴ የሚሰፉት?»

እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ሰባት ዓመት ተከራይተው ጥጥ እየፈተሉ የኖሩ መነኩሴ ናቸው። ሳጂዳ ከመሞቷ አራት ወር ቀደም ብለው ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ዲማ ተመልሰዋል። ሁለቱ ሴቶች ከሰዓት በኋላ ጓሮ በረንዳ ላይ አብረው እንደሚቀመጡ ሙሐመድሳኒ ያውቃል። ምን እንደሚሠሩ፣ ምን እንደሚያወሩ ግን ጠይቆ አያውቅም። የሴት ጨዋታ ነው ብሎ ነበር የሚያስበው።

መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሹፌሮች ሦስት ቀን አጠያየቀ። በአራተኛው ቀን ያልተጨረሰውን ሥራ በፌስታል ይዞ በሚኒባስ ብቸና ወረደ፤ ከዚያ ጭቃውን በእግሩም በባጃጅም እያለ ዲማ ደረሰ። ከደብሩ በታች ካሉት ጎጆዎች ተማሪዎች ቅኔ እየተቀበሉ ሲቀጽሉ ይሰማል። አንዱን ጠይቆ የእማሆይን ቤት አገኘ።

እማሆይ በሩ ላይ ሲያዩት መጀመሪያ አላወቁትም። ሲያውቁት ግን መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አለቀሱ።

«ከቀብሯ አልደረስኩም» አሉ። «መርዶው የመጣልኝ ወሩን ጨርሶ ነው። አይ ሳጂዳ! አይ የኔ እመቤት! ግባ፣ ግባ ሙሐመድሳኒ፤ ዝናብ ላይ አትቁም።»

መደቡ ላይ አስቀመጡት። ስለ መንገዱ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ቁይ ሰዎች ጠየቁት። እሱም ፌስታሉን ጉልበቱ ላይ እንደያዘ በአጭር በአጭሩ መለሰ። በመጨረሻ ራሳቸው «ምንድን ነው የያዝከው?» አሉት።

አውጥቶ ዘረጋላቸው። እማሆይ የተቃጠለውን ሲያዩ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ አልተቆጡትም። ተነሥተው ከአልጋቸው ራስጌ በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ ረዥም ነገር አመጡ። ነጠላውን ሲፈቱት በሸምበቆ ዘንግ ላይ የተጠመጠመ ነጭ አቡጀዲ ወጣ። መደቡ ላይ ዘረጉት። በላይ ነጭ ነው፤ አንድም ጌጥ የለውም። ጫፉን ይዘው ሲገለብጡት ሙሐመድሳኒ ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

ከዳር እስከ ዳር ወርቅ ነበር።

«ለእርስዎ ሰፍታልዎት ነበር?»

«ልትሰፋልኝ ስትነሣ ተቆጣኋት» አሉ እማሆይ። «ቆብ ለደፋች ሴት ወርቅ ምን ያደርግላታል? አልኳት። ‹ወርቁን ወደ ውስጥ አደርገዋለሁ፤ ከላይ አቡጀዲ ነው፤ ከእርስዎ በቀር ማንም አያየውም› አለችኝ። ‹አንቺ ሙስሊሟ ከእኛ መሪጌቶች ይልቅ ሰምና ወርቅ ታውቂበታለሽ› ብዬ ሳቅሁባት። እሷም ሳቀች።»

ሙሐመድሳኒ ጎንበስ ብሎ ጨርቆቹን እያንዳንዳቸውን አየ። ያውቃቸዋል፤ በገዛ እጁ ነው የቆረጣቸው። ይህ የሐጂ አብዱራህማን ልጅ ስታገባ የለበሰችው ነው። ይህ ለዒድ ለእህትማማቾች የሰፋው ነው። የሰው ሁሉ ሠርግ፣ የሰው ሁሉ በዓል እዚህ መደብ ላይ ተዘርግቷል። ስፌቱን ደግሞ በባለሙያ ዓይን መረመረው። ጥብቅ የእጅ ስፌት ነው፤ ጤፍ ጤፍ የሚያህል። አንዱም ግን ወርቁን አልወጋም።

«መርፌዋ የሚያልፈው በመጋጠሚያው ብቻ ነው» አሉ እማሆይ፣ ምን እያየ እንደሆነ ገብቷቸው። «ወርቅ አንዴ ከተወጋ አይድንም ትል ነበር። ስፒል እንኳ አትሰካበትም፤ በመቆንጠጫ ነው ዳር ዳሩን የምትይዘው። አንድ መርፌ ለአንድ ሥራ ነው፤ ከደነዘ ወርቁን ይቦጭቃል።»

ሙሐመድሳኒ ወደ ጎን ያደረጋቸውን መቆንጠጫዎች አሰበና ፊቱን ዳሰሰ።

«ካውያስ?»

«በጀርባው፤ በትንሽ ሙቀት፤ ያውም ላዩ ላይ ጨርቅ ደርቦ። እኔ ካውያም የለኝ። አላጥፈውም፤ የታጠፈበት ይሰነጠቃል። በዓመት አንድ ቀን ወርቁን ወደ ውስጥ እንዳደረግሁ በቀዝቃዛ ውኃ ለቅለቅ አደርገዋለሁ፤ አልጨምቀውም፤ ፀሐይ አላሳየውም። ጥላ ላይ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ይንጠፍጠፍ። በረኪና የነካው እጅ አያልፍበትም። ሁሉንም አስጠንታኛለች፤ እንደ ዳዊት ነው የማውቀው።»

ሙሐመድሳኒ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ከዚያ ሳያስበው «ሌላስ ምን ትነግርዎት ነበር?» አለ።

እማሆይ ወርቁን በቀስታ ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

«ስለ አንተ ክፉ አውርታ አታውቅም። ደግ ነው ትላለች። አይሰክር፣ አይማታ፣ ቤቱን አይበድል። ግን ቤቴ ውስጥ የሚናገረው መኪናው ብቻ ነው ትል ነበር። ‹እማሆይ፣ ዝም ብለው ያውሩኝ፤ የፈለጉትን ያውሩኝ› ትለኛለች። እኔም የዲማን ነገር፣ የአባቴን ነገር አወራላታለሁ። አንዳንድ ቀን አንዱን ተረት ሦስት ጊዜ ታስደግመኛለች።»

ውጭ ዝናቡ በረታ። የተማሪዎቹ ድምፅ ጠፋ።

«ሕመሟንስ?» አለ ሙሐመድሳኒ። «መቼ ነው የነገረችዎት?»

«ሰኔ ላይ። እብጠቱን አስዳሰሰችኝ።»

እሱ ያወቀው በኅዳር ነው። ጓሮ ወድቃ ሲያነሣት። ደብረ ማርቆስ ሲያደርሳት ሐኪሞቹ ዘግይቷል አሉት። ተሳፍረው ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ «ለምን አልነገርሽኝም?» እያለ ሲጠይቃት እሷ መስኮቱን ስታይ ነበር።

«ለእርስዎ በሰኔ ከነገረች፣ ለእኔ አምስት ወር ለምን ደበቀችኝ?»

እማሆይ ቀና ብለው አዩት። «አልደበቀችህም'ኮ! ነግሬዋለሁ ነው ያለችኝ።»

«መቼ?»

«ነሐሴ ላይ፤ ያን ሁሉ የተማሪ ዩኒፎርም ተሸክመህ ሳለ። ‹አጠገቡ ቆሜ ነገርኩት፤ እሺ አለኝ› አለችኝ። እሺ ካለሽ ታዲያ ሐኪም ቤት ይውሰድሽ እንጂ፣ ደግመሽ ንገሪው አልኳት። ‹ሁለት ጊዜ የሚነገር ነገር አይደለም እማሆይ› አለች። ከዚያ ወዲያ አንሥተነው አናውቅም።»

ሙሐመድሳኒ ያንን ነሐሴ ለማስታወስ ሞከረ። የሰማያዊ ጨርቅ ክምር ትዝ አለው። የኪስ ልክ፣ የአንገት ልክ ትዝ አለው። ክር አልቆበት አንድ ቀን ሙሉ መናደዱ ትዝ አለው። ሳጂዳ አጠገቡ የቆመችበት ቀን ግን የለም። ብዙ ቀን ቆማ ይሆናል። ብዙ ቀንም እሺ ብሏት ይሆናል።

«አላስታውስም» አለ። «ወላሂ እማሆይ፣ አላስታውስም።»

«አምንሃለሁ» አሉት። ከዚህ ሌላ የሚያጽናና ቃል አልጨመሩም።

ያን ዕለት ዝናቡ ሲያባራ አውራ መንገዱ ድረስ ሸኙት። የእሳቸውን ሊሰጡት ፈልገው ነበር፤ እሱ አልቀበልም አለ። «የእርስዎ ነው። ለእርስዎ ነው የሰፋችው» አላቸው። ለእሱ የሰፋችው አንድም እንደሌለ ያሰበው ሚኒባሱ ውስጥ ነው።

ቁይ እንደገባ የተቃጠለውን ቁራጭ በምላጭ ፈታው። ስድስተኛውን ረድፍ ጭራሽ ተወው፤ የቀረው ጨርቅ አይበቃም። የወጋጋቸውን ቀዳዳዎች ደግሞ መጋጠሚያውን በግማሽ ጣት ያህል ወደ ውስጥ አግብቶ በስፌቱ ውስጥ ደበቃቸው። በመኪና ሳይሆን በእጁ ሰፋ። መቆንጠጫዎቹን አምጥቶ ዳር ዳሩን ያዘ። ባዘቶውን ከገበያ ገዝቶ ራሱ አነጠፈው። ቁመቱ አጠረ፤ ለባለትዳር አልጋ አይሆንም፤ ለአንድ ሰው ግን ይበቃል። ሁለት ወር ፈጀበት። በዚያ መሃል የዩኒፎርም ሥራ ይዘው የመጡትን ብዙዎቹን ወደ ሌላ ሰፊ መለሳቸው። ሰዎቹ ሙሐመድሳኒ ሐዘኑ አደከመው አሉ።

ለመውሊድ ቢልቂስ መጣች። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ከቀብሩ ወዲህ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። የእናቷን ሥራ ተጨርሶ ስታይ ፊቷን ቀብራበት ብዙ ቆየች። ሁለቱም ጓሮ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ሙሐመድሳኒ እማሆይ የነገሩትን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ነገራት። በሕይወቱ ለልጁ ያን ያህል ተናግሮ አያውቅም።

ቢልቂስ ሰምታ ስትጨርስ ግንባሯን ቋጠረች።

«ነሐሴ ላይ ነው ያሉህ?»

«ነሐሴ ላይ።»

«አባ፣ እማ እኮ ለእኔ በጳጉሜን ደውላ ነግራኛለች።» «‹ገና ለአባትሽ አልነገርኩትም፤ ዩኒፎርሙን ይጨርስ፤ ያኔ እነግረዋለሁ፤ አንቺም እንዳትነግሪው› አለችኝ። አስማለችኝ።»

«አንቺም ታውቂ ነበር?»

«ትነግረዋለች ብዬ ነው። በየሳምንቱ ነገርሽው ወይ ስላት ‹እሺ፣ እሺ› ትለኛለች።» አለቀሰች። ሙሐመድሳኒ ሊቆጣት ፈለገና ቁጣው አልመጣለትም። እጇን ያዘ። እጇ የእናቷን ይመስላል፤ አውራ ጣቷ ወደ ውጭ ጎበጥ ያለ ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አሰላሰለው። ነግራው ከሆነ፣ የሚስቱን ሞት በጆሮው ሰምቶ እሺ ብሎ ያለፈ ሰው ነው። ሳትነግረው ቀርታ ከሆነ ደግሞ፣ ባሌን ለማናገር ጊዜ አላገኘሁም ማለት አሳፍሯት እማሆይን ዋሽታቸዋለች፤ ስሙን ለማዳን ይሁን የራሷን ክብር ለመጠበቅ፣ ማን ያውቃል። የትኛው እንደሚቀለው መምረጥ አልቻለም። አንዳንድ ቀን አንደኛውን ያምናል፣ አንዳንድ ቀን ሌላውን። የምትጠየቀው ሴት ከመስጊዱ ማዶ ባለው መቃብር ውስጥ ናት።

ቢልቂስ ስትመለስ ደሪቶውን ሰጣት። መናኸሪያው ውስጥ ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆመው ሳለ «አታጥፊው፤ እንደተጠቀለለ አስቀምጪው» አላት። «ባሕር ዳር ፀሐዩ ኃይለኛ ነው፤ መስኮት አጠገብ አታድርጊው። ሲቆሽሽ ገልብጠሽ በቀዝቃዛ ውኃ ነው። መጭመቅ የለም።»

«እሺ አባ።»

«እሺ አትበይኝ። ድገሚልኝ።»

ቢልቂስ ደገመችለት። ሚኒባሱ ሲነሣ ጥቅሉን እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ አስተኝታው ነበር።

ሙሐመድሳኒ ወደ ሱቁ ተመልሶ ከፈተ። መስከረም ጠብቷል፤ ሰው መንቀሳቀስ ጀምሯል። ጎረቤት አንሙት ለሰላምታ እጁን ከሩቅ አነሣለት፤ እሱም አነሣ። የተጀመረ ሱሪ ነበረውና ሥራ ያዘ። እኩለ ቀን አካባቢ የብርጓል የምትባል የወረዳ ቢሮ ሠራተኛ ጉርድ ቀሚስ ይዛ ገባች። በበጋ ከሌላ አገር ተዛውራ የመጣች ናት፤ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አሰፍታዋለች። ስትናገር ሙሐመድሳኒ እግሩን ከመርገጫው አነሣና ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ።

«ሁለት ጣት ይጠርልኝ» አለችው። «ዚፑንም ይዩልኝ፤ ይይዛል።»

«ሁለት ጣት» አለ። «ዚፑ ይቀየራል። ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ለዓርብ ይደርሳል?»

«ይደርሳል።»

ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ሙሐመድሳኒ አሁንም ወደ እሷ እንደዞረ ነው፤ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። የብርጓል የረሳችው ነገር ያለ መስሏት ቦርሳዋን አየች፤ ስልኳን አየች።

«ሌላ አልፈልግም፣ ይኸው ነው» አለች ፈገግ ብላ። «ደህና ይዋሉ።»

«ደህና ዋይ ልጄ» አላት። ዳመናው ተገልጦ መንገዱ ላይ ፀሐይ ወጥቷል። የብርጓል ጭቃውን እየዘለለች ወደ ቢሮዋ ስትሄድ እስክትታጠፍ ድረስ አያት።